የእህት ደም

የውሃው ድምፅ አልቆም ሲላት ማርሊስ ሳታንኳኳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፈተች። ወንድሟ ቨርሊን ሸሚዙን አውልቆ ከመስተዋቱ ፊት ቆሟል። ከአንገቱ እስከ ወገቡ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። መዳፎቹ አብጠዋል፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሽ ሽፍታ ናት። ዶክተሯ ራሷ ጥሩ ነው አላለችም?»

ብላለች። ለቨርሊን የደም ካንሰር ሕክምና የተመረመሩት የማርሊስ የደም ግንድ ህዋሳት፣ ደም የሚሠሩት፣ ከእሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ገጥመው የተገኙ ዕለት ቤተሰቡ ሠርግ የደገሰ መስሎ ነበር። ቨርሊን ህዋሳቱን ከተቀበለ በኋላ ዶክተሯ፣ «ትንሽ ሽፍታ ቢወጣ አይደንግጡ፤ የእህትዎ ህዋሳት ካንሰሩን እያደኑ ነው ማለት ነው» አለችው። ቨርሊን «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ይዞ ቀረ።

በሰሜን ዳኮታ ገበሬዎች ዘንድ እንዴት ነህ ለሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ምንም አይልም»። ኮምባይነር እጁን የቀረጠፈው ጎረቤታቸው እንኳ ደሙን በጨርቅ አፍኖ ያለው ይህንኑ ነው። ነርሷ በየማለዳው ከሆስፒታል ስትደውል ቨርሊንም እንደዚያ ይመልስላታል፤ የፍሎሪዳ ልጅ ናትና አመነችው። ማርሊስ ግን የአገሩ ልጅ ናት። ልትጠረጥር ይገባት ነበር፤ ይህ አንገበገባት።

«ሆድህስ?»

ሸሚዙን አንስቶ ሆዱን ሸፈነ።

«አንተ ደደብ፣ ለምን ደበቅከኝ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ደምሽ እየበላኝ ነው ልበልሽ?»

ካፖርቱን ራሷ አለበሰችው።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተሯ ሆዱን ዳሰሰች፣ ዓይኑን አየች፣ ከዚያ ማርሊስን ወደ መተላለፊያው ወሰደቻት። «ህዋሳቱ ገላውን እንደ ባዕድ ቆጥረው እያጠቁት ነው። ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱንም።»

«ሙሉ በሙሉ ይገጥማል ብላችሁን አልነበር?»

«ገጥሟል። ግን መንትያ አይደላችሁም። እኛ ከምንመረምረው ውጭ የሚለያያችሁ ብዙ ነገር አለ።» «ቀድሞ መጥቶ ቢሆን ኖሮ» አላለችም። አለማለቷ ማርሊስን ባሰባት።

ነርሷ ህዋሳቱን የሚያበርደውን መድኃኒት፣ ስቴሮይዱን፣ ሰቅላ ስትጨርስ ማርሊስ፣ «ጨምሪበት፤ ጨርሻቸው» አለቻት።

«እነሱ ካለቁ ደም የሚሠራለት አይኖርም። ካንሰሩም ሊመለስ ይችላል። ማብረድ ነው የምንፈልገው።»

«ካልበረዱስ?»

«ሌላ እንሞክራለን» አለች ነርሷ፤ ዓይኗን ግን ከቱቦው ላይ አላነሳችም።

ማርሊስ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ህዋሳቱ ሲወሰዱ በደስታ ነበር ክንዷን የሰጠችው። አሁን መልሳ መውሰድ ብትችል ትወስድ ነበር፤ ብትወስዳቸው ግን ወንድሟ ይሞታል። እንዲህ ያለ ስጦታ የሰጠችበትን ቀን ረገመች።

ቨርሊን የከበደ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። «ህዋሳቱ ያንቺ አይደሉ እንዴ? አንቺን ይሰሙሻል። ተቆጫቸው።»

ልትስቅለት ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታለች። ማርሊስ ጎንበስ ብላ አፏን ከሚያቃጥለው ክንዱ አስጠጋች።

«ተዉት» አለች በሹክሹክታ። «ወንድሜ ነው።»