ያልተቀመጠችበት ወንበር

ያልተፀነሰ ልጅ ከተለቀሰለት በኋላ፣ «አልነበረም» የሚባለው በየትኛው አፍ ነው? ጓደኞቿ ጭምቷ የሚሏት ሴት መልሱን አታውቅም።

በሆቴሉ ላውንደሪ ሰባት ሴቶች አንሶላ ይተኩሳሉ። ጥግ ላይ አንዲት ወንበር አለች። የወር አበባዋ የመጣባት ሴት ሦስት ቀን እዚያ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ታጥፋለች፤ ከባዱን ሌሎቹ ያነሱላታል። ደንቡ የሴቶቹ ነው፣ አለቃው አያውቅም።

ጭምቷ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያች ወንበር ላይ ዋሽታለች። ከባሏ ተደብቃ በየሦስት ወሩ የምትወጋው የእርግዝና መከላከያ መርፌ የወር አበባዋን አጥፍቶት ነበር፤ ምስጢሩ እንዳይወጣ ግን ቀን እየቆጠረች ትቀመጥ ነበር። ኋላ ልጅ ሲያምራት መርፌውን ተወች። «እስኪመለስልሽ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል፤ አትደንግጪ» አለቻት ነርሷ። መዋሸቱ ሰልችቷት ነበርና፣ እውነተኛው እስኪመጣ ብላ ከወንበሯ ራቀች።

ያጠፋችው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው ወር የሁሉም ታላቅ የሆኑት፣ ምላሳቸው ከካውያው የሚፋጀው እትዬ ጮክ አሉ፦

«አንቺ፣ ወንበሯን እኮ ናፈቅሻት! ወይስ ሆድሽ ውስጥ የተቀመጠ አለ?»

ሴቶቹ እልል አሉ። ጭምቷ አንገቷን ደፋች፤ አንገት መድፋቷ እሺታ ሆነ። ወሬው እግር አውጥቶ አማቷ ጆሮ ገባ፤ ከአማቷም መንገድ ለመንገድ ጭነት ሲያመላልስ ለሚከርመው ባሏ። በስልክ እየሳቀ አለቀሰ። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል አንድ ወር አለፈ።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ አንሶላ እንደያዘች ደሙ መጣ። ሲጠራቀም የኖረ ይመስል ወረደ። ስትጠብቀው የኖረችው ነበር፤ ደስታዋን ግን ለማን ትንገር? እትዬ ደግፈው ወንበሯ ላይ አስቀመጧት።

«አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ትረፊ እንጂ ሌላ ይወለዳል» እያሉ አለቀሱ።

አማቷ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። ባሏ ደወለ።

«ማነው ከባድ ያሸከመሽ? ያቺ ሥራ የምታከፋፍለው አሮጊት ናት አይደል?»

ስልኩን ዘጋች። በነጋታው ባሏ ለአለቃው ደወለ። አለቃው ሊያጣራ ገብቶ የሴቶቹን ደንብ ሰማና ወንበሯን አስወጣት፤ እትዬንም እስከ ዓርብ ሽርጣቸውን እንዲመልሱ አዘዛቸው።

«ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ?» አሏት እትዬ።

«አይደሉም።»

«ታዲያ ማነው? እስቲ ተናገሪ!»

ጭምቷ ከቆሻሻ አንሶላው ክምር ጀርባ ሄዳ ለባሏ ጻፈች፦ «ልጅ አልነበረም። ሁለት ዓመት ተደብቄህ መርፌ ስወጋ ነበር፤ ስተወውም የወር አበባዬ ሳይመለስ ቆየ። እትዬ ምንም አላደረጉም። እኔን እንደፈለግህ አድርገኝ፤ ለአለቃው ግን እስከ ዓርብ ንገርልኝ።»

መልእክቱ ወዲያው ተነበበ። ዓርብ እትዬ ሽርጣቸውን አጥፈው ሰጥተው ወጡ። ከዓርብም ወዲህ ስንት ዓርብ አለፈ፤ ከባሏ አንዲት ቃል አልመጣችም።