የአየር ጠመንጃውና የማክሰኞው ሙዝ

አውቶቡስ ሲነዳ ፀጉሩ የሸበተው ዳንፓል ውሻ ይፈራል፣ መብረቅ ይፈራል፣ የሚስቱን ዝምታም ይፈራል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከደቡብ አፍሪካዋ ደርባን መሀል ከተማ ረጅም ካርቶን በብብቱ ሸጉጦ ሲመጣ ያዩት የቻትስዎርዝ ሰፈር ጎረቤቶቹ የመጋረጃ ዘንግ ገዝቶ የመጣ ነበር የመሰላቸው።

“ምንድን ነው እሱ?” አለችው ሚስቱ ሽሪታ ሽንኩርት ከምትከትፍበት ቀና ብላ።

“የአየር ጠመንጃ።”

“ወይ ጉድ! ማንን ልትገድልበት?”

“ጣሳ ነዋ። ለጨዋታ ነው እንጂ። ባሩድ የለው፣ ፈቃድ አይጠየቅበት። ዋጋውም ከአንድ ጥንድ ጫማ አይበልጥም።”

“ጫማውማ ያስፈልግህ ነበር” ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ልጅ ሳለ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ እየተዋዋሱ ጣሳ ሲያወርዱ እሱ ከአጥር ማዶ ሆኖ ያይ ነበር። አባቱ አልፈቀዱለትም። በጓሯቸው ጥግ፣ ከረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ፣ የሐኑማን ቀይ ባንዲራ ተተክሏል። ሐኑማን ሂንዱዎች የሚያመልኩት፣ የጦጣ መልክ ያለው፣ ብርቱው፣ የታመመን የሚያነሣው ጌታ ነው። “እሱ በቆመበት ግቢ ጠመንጃ አይገባም” ብለው ነበር አባትየው። አባትየው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዳንፓልም የዘገየ ልጅነቱን ለመወጣት ቸኩሏል።

በጓሮው ግንብ ላይ የዓሣ ጣሳዎች ደረደረ። አፈሙዙን በግራ እጁ ይዞ ወደ ታች ሲያጥፈው በጠመንጃው ሆድ ያለው ሞላ እየተጨመቀ ያቃስትና መጨረሻ ላይ ቀጭ ይላል። ሻጩ ያስጠነቀቀውን አልረሳም፤ አፈሙዙን ሳትለቅ ጥይቷን አግባ፣ አለዚያ ጣትህን ይዞብህ ይዘጋል ብሎታል። ስለዚህ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጠውን የእርሳስ ጥይት ባስገባ ቁጥር ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል። ከዚያ አፈሙዙን መልሶ ያቃናል፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ያስደግፋል፣ ትንፋሹን ይውጣል፣ ይስታል።

“አለቃ!” አለ ጎረቤቱ ሙንሳሚ በግንቡ አናት ብቅ ብሎ። “ጣሳዎቹ ተደብቀው ነው ወይስ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ነው?”

“ጭንቅላትህን ከዚያ አንሣ፣ ሰውዬ! እመታሃለሁ!”

“እኔ ላይ ካነጣጠርክማ ምንም አልሆንም።”

ከሰዓት በኋላ ግን እጁ ተፍታታ። አንድ ጣሳ ጠንግ ብሎ ወደቀ። ሌላም ተከተለ። ዳንፓል እንደ ልጅ ዘለለ። ሙንሳሚም አጨበጨበለት፣ ቀጥሎም አፉን መዝጋት ሲገባው አልዘጋም፤

“ጣሳማ ማን አባቱ ያቅተዋል! ያቺን አቮካዶ አውርድና ልይህ።”

አቮካዶዋ ከጣሪያው በላይ ከተንሰራፋው ዛፍ፣ በቅጠል ተሸፍና ትታያለች። ዳንፓል አነጣጠረ። ቃታውን ሳበ። አቮካዶዋ ከቦታዋ አልነቃነቀችም። ከኋላዋ ያለው ቅጠል ግን ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም የሕፃን ለቅሶ የመሰለ ጩኸት ግቢውን ሰነጠቀው።

አንዲት ጦጣ ከቅጠሉ መሀል ወጥታ ጣሪያው ላይ ወደቀች። ግልገሏ ከሆዷ ላይ ተጣብቋል። አንድ ክንዷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ወደ ዳንፓል ዞራ ነጫጭ የዓይን ቆቦቿን ብልጭ አደረገችበት፣ በሦስት እግሯ እያነከሰች ከጣሪያው ማዶ ተሰወረች። ዛፉ ለካ ጦጣ ሞልቶበት ኖሯል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮሁ በየቤቱ ጣሪያ ተበተኑ።

ሙንሳሚ ፊቱ ተለዋወጠ። “ወንድሜ፣” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ።”

ያኔ ነው ዳንፓል ወደ ባንዲራው ዞሮ ያየው።

እናቱ ሱርጅካሊ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በሐኑማን ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከባንዲራው ሥር ሙዝ ያስቀምጣሉ። ልባቸው ከደከመና አልጋ ከያዙ ወዲህ የምታስቀምጥላቸው ሽሪታ ናት። ጦጣዎቹም ሰዓቱን ያውቃሉ፤ አንዷ ትወርድና ሙዙን አንሥታ፣ ልክ ከእናትየው አልጋ በላይ ካለው ቆርቆሮ ላይ ቁጭ ብላ ትበላዋለች። እናትየው ተኝተው የእግሯን ኮቴ ይሰማሉ፣ ልጣጩ ጠብ ሲልም ይሰማሉ። “ተቀበለ” ይላሉ ያን ጊዜ፤ ሐኑማንን ማለታቸው ነው። ጦጣዋ የመጣችው ለሙዙ ነበር። የጠበቃት ግን ዳንፓል ነው።

“ዳን!” የሚል ደካማ ድምፅ ከጓዳው መጣ። “ምንድን ነው የጮኸው?”

“ምንም አይደለም፣ እማ። የሙንሳሚ ድመት ናት።”

እናትየው ጆሯቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ።

የዚያ ዕለት ሙዝ ሳይነካ አደረ። ጉንዳን ወረረው። ዳንፓል በጨለማ አንሥቶ ጣለው፣ ጠመንጃውንም ከሽሪታ የሠርግ ሳሪ ሥር ቀበረው።

እሑድ ጦጣዎቹ ተመለሱ፣ ግን አልወረዱም። ግንቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዳንፓል በመስኮት ብቅ ሲል ሁሉም ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። የቆሰለችዋ ከመሀላቸው የለችም። ሞታ ይሆን? ግልገሉስ? ሰኞ አውቶቡሱን ሲነዳ ያ የተንጠለጠለ ክንድ ከመስታወቱ ፊት አልጠፋ አለው፤ ማቆሚያ አልፎ ሄዶ ተሳፋሪ ጮኸበት።

እንዲህ የሚያንቀጠቅጠው የአንዲት ጦጣ ነገር ብቻ አልነበረም። እናቱ ረቡዕ ሆስፒታል ገብተው ሐሙስ ልባቸው ሊከፈት ነው። ወረፋው ዓመት ከመንፈቅ አስጠብቋቸዋል። ሐኪሙ ዳንፓልን ለብቻው ጠርቶ፣ ይህ ቀን ካመለጠ ወደ ወረፋው ጭራ ነው የሚመለሱት፣ ልባቸው ደግሞ ያን ያህል አይቆይም ብሎታል።

ሰኞ ማታ ታዲያ እናትየው ሾርባቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው፣ “ነገ ማክሰኞ ነው” አሉ። “ቅዳሜ ሙዜን አልወሰደም። ነገም ካልወሰደ ረቡዕ ከዚህ አልጋ አልነሣም።”

“እማ፣ ሐኪሙ እኮ …”

“ሐኪሙ ቢላዋውን ይይዛል። የሐኪሙን እጅ የሚይዘው ሌላ ነው። እሱ ካኮረፈኝ ለማን ብዬ ነው የምከፈተው?”

ዳንፓል አፉን ከፈተ። ያኮረፈው እኔን ነው እንጂ አንቺን አይደለም ሊል ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር የደረታቸውን መንቀጥቀጥ ሲያይ አፉን መልሶ ዘጋው።

ማክሰኞ ከቀትር ጀምሮ ሙዙ ከባንዲራው ሥር ተቀምጧል። ጦጣዎቹ ግንቡ ላይ ናቸው። አንዳቸውም አልወረዱም። ከጓዳው ድምፅ የለም፤ እናትየው ጆሯቸውን ለጣሪያው ሰጥተው ተኝተዋል።

“ንገራቸው” አለች ሽሪታ ማድቤት ውስጥ በሹክሹክታ።

“ብነግራትማ ልቧ እዚያው ቀጥ ይላል።”

“ባትነግራቸውም ይቆማል። ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ።”

ዳንፓል ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና፣ “ሙዙን እኔ እበላዋለሁ” አለ።

“ምን?”

“ጣሪያው ላይ ወጥቼ። ኮቴ ትሰማለች፣ ልጣጩን እጥለዋለሁ፣ በቃ።”

ሽሪታ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል በመዳፏ አፈነችው። “አንተ? አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ መቆም የሚያዞርህ ሰውዬ?” አለችና ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። “መሰላሉን እይዝልሃለሁ።”

ሙዙን ሸሚዙ ውስጥ ከቶ ወጣ። ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይፋጃል። በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ፣ እንደ ጦጣ ቀለል ለማለት እየሞከረ፣ ወደ እናቱ አልጋ አቅጣጫ ሄደ። በእያንዳንዱ እርምጃ ቆርቆሮው ጓ ይላል። ጣሪያው ላይ ካለው የውኃ ታንክ ጥላ ሥር ሲደርስ ባለበት ቆመ።

እዚያ ነበረች።

ክንዷ አብጦ ዝንብ ወርሮታል። ግልገሉ ከጡቷ ላይ ራሱን አንሥቶ አየው። እሷም አየችውና የዓይን ቆቦቿን ብልጭ አደረገች፣ ከንፈሯን ገልጣ ረጃጅም ጥርሶቿን አሳየችው። ዳንፓል ወደ ኋላ ሊሸሽ ሲል ከጀርባው ጥፍር ቆርቆሮ ሲቧጥጥ ሰማ። ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረ። መንጋው ያለ ድምፅ ግንቡን ለቆ መጥቷል። ትልቁ ወንድ ጦጣ ከመሰላሉ ራስ ላይ ተቀምጧል፤ መውረጃው ተዘግቷል።

መጮህ አይችልም፤ እናቱ ከሥሩ ናቸው። ከነከሰችኝስ? መንጋው ከሰፈረብኝስ? ከዚህ ብወድቅስ? ያኔ እማ ትሰማለች፣ ሁሉንም ታውቃለች፣ አልሄድም ትላለች …

ሙዙን አወጣ። ሊበላው የመጣ ሰውዬ መብላቱን ረስቶታል። ክንዱን ዘረጋ። ጦጣዋ ዓይኗን ከዓይኑ አልነቀለችም። ድንገት ተወረወረችና ጥፍሯ አንጓውን ቧጠጠው፤ ሙዙም ከእጁ ጠፋ። ዳንፓል ዓይኑን ጨፈነ።

አልነከሰችውም። ዓይኑን ሲገልጥ ልጣጩን በጥርሷ እየቀደደች ትበላለች። ግልገሉ ከአገጯ የተንጠባጠበውን ይልሳል። ልጣጩ ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ።

ከሥር የእናቱ ድምፅ መጣ፤ “ሽሪታ! ሰማሽ? ተቀበለ!”

ትልቁ ወንድ ከመሰላሉ ራስ እስኪነሣ ድረስ ዳንፓል እዚያው ተንበርክኮ ቀረ።

ረቡዕ ጠዋት እናቱን በሙንሳሚ መኪና ይዟቸው ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ እናትየው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ “ዳን” አሉ።

“አቤት፣ እማ።”

“አባትህ ያን ቆርቆሮ ከመታው ወዲህ እንደ ትናንቱ የከበደ ጦጣ ወጥቶበት አያውቅም።”

ዳንፓል መሪውን ጨበጠ።

“ደግሞ ሙንሳሚ ድመት የለውም” አሉ እናትየው።

መኪናውን ወደ ዳር አቆመው። ሁሉንም ተናገረ፤ ጠመንጃውን፣ ጣሳውን፣ አቮካዶዋን፣ ክንዷን። ሲናገር ዓይኑ ከደረታቸው ላይ ነበር፤ ልባቸው ይቆማል ብሎ ፈርቶ። እናትየው እስኪጨርስ ፊታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም።

“ልጣጩን የጣለው ማነው?” አሉ በመጨረሻ። “አንተ ከሆንክ መኪናውን መልስ።”

“እሷ ናት። በሕይወት አለች፣ እማ። ስትበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸው ቧጥጣኛለች።”

አንጓውን ሰጣቸው። ዓይናቸው ደካማ ነውና በጣታቸው ጭረቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

“እንግዲያው ንዳ” አሉ።

ከሆስፒታሉ በር ላይ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሲወስዷቸው ዞር ብለው፣ “ክንዷ እስኪድን ጣሪያው ድረስ አድርስላት” አሉት። “እኔ ብወጣም፣ ባልወጣም።”

በዚያው ዕለት ወደ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ሙዝ ውስጥ የሚሸጎጥ መድኃኒት ለጦጣዋ በየቀኑ እንዲሰጣት አዘዘችለት፤ ደኅና ስትለምደውም በወጥመድ ሣጥን ወስዳ ጥይቱን እንደምታወጣ ነገረችው። ማን እንደተኮሰ አልጠየቀችውም። የጠየቀችው ያህል ግን አየችው። ሲመለስ ሙንሳሚ በግንቡ አናት ብቅ ብሎ፣

“ያን ጠመንጃ ለምን አትሸጥልኝም?” አለው።

“አንተ እንደኔ ፈሪ አይደለህም፤ ትተኩስበታለህ” አለው ዳንፓል። “አይሆንም።”

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳንፓል እንደገና ጣሪያው ላይ ነው። ከሆስፒታሉ እንደውላለን፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ ብለዋቸዋል። ቀኑን ሙሉ የደወለ የለም። ጦጣዋ ከታንኩ ሥር ናት፤ ወንዱ ከቅርንጫፉ ላይ ቁልቁል ያየዋል። ዳንፓል ሙዙን ዘርግቶ ይጠብቃል። እሷ እጇን ትሰድዳለች፣ መልሳ ትሰበስባለች።

ያኔ ከታች የሽሪታ ስልክ ጮኸ።

ጦጣዋ ደንግጣ አፈገፈገች። ዳንፓል ግን አልተነቃነቀም። ስልኩ ዝም አለ፤ ሽሪታ አንሥታዋለች። “አቤት” አለች። ከዚያ ምንም አልተሰማም። ያ የሚስቱ ዝምታ ረዘመ፣ ረዘመ። ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ዝምታ ለካ ይህኛው ኖሯል።

“ዳን!” አለች ከመሰላሉ ሥር። ድምፅዋ ተሰብሯል፤ ለሳቅ ይሁን ለለቅሶ አልለየለትም።

“ንገሪኝ” አለ ከንፈሩን ሳያነቃንቅ።

“ነርሷ ናት። እናትህ ነቅተዋል። አሁን ነቅተው፣ የመጀመሪያ ቃላቸው …” ትንፋሽ አጠራት። “ሙዙን በላች ወይ እያሉ ይጠይቃሉ።”

ዳንፓል እንባው በአፍንጫው ጫፍ ሲወርድ ሊጠርገው አልደፈረም። እጁን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ፊት ገፋ አደረገ። ጥቁሯ ትንሽ እጅ እንደገና ተዘረጋችና ጣቱን ነካች፤ ሙዙንም ቀስ ብላ ወሰደች።

“በያት፣” አለ በሹክሹክታ፣ “እየበላች ነው።”