ምኞትና ስለት

«በይ እንጂ፣ ተናገሪ!» አለ ደግሰው። «ምኞት አንዴ ነው የሚነገረው። ከአፍሽ ከወጣ መመለሻ የለውም።»

ፀጋ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። የሰቆጣ መንገድ በባጃጅ ጡሩምባ ይንጫጫል፤ እነሱ ሦስቱ ግን ከደግሰው እህት ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ፣ በወረቀት ካርቶኖች መሐል ተቀምጠው ዘንዶ እየተዋጉ ነው። ጨዋታውን ያመጣው ደግሰው ነው። የፊዚክስ መምህሩ ደግሰው ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከዶርም ጓደኞቹ ተማረውና የሕጉን መጽሐፍ ገጽ በገጽ አትሞ፣ አስማቱን ሁሉ በእጁ ጽፎ ወደ አማርኛ መለሰው። እሱ ታሪኩን ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ የየራሳቸውን ሰው ፈጥረው «ይህን አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ ተወርውሮ ይፈርዳል፤ ቁጥሩ ከበዛ ሠመረ፣ ካነሰ ከሸፈ።

የፀጋ ሰው ወለተ ሰንበት የምትባል አስማተኛ ናት። ስሙ የአያቷ ነው፤ አያቷ ቢሰሙ አማትበው አያበቁም ነበር። ይህቺን አስማተኛ ምኞት የሚባለው አስማት ላይ ለማድረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ፀጋ ሰሃላ ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ግማሽ ቀን በእግሯ ሄዳ መኪና ከቀናት በወር አንዴ ሰቆጣ ትገባለች። በወር አንዴ እየተጫወቱ ሦስት ዓመት! ምኞት ደግሞ የአስማት ሁሉ ቁንጮ ነው፤ የጠየቁትን ይሰጣል፣ በምላሹም ምንም አይጠይቅም።

ለራሷ ልትመኝበት ትችል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ወር፣ ደጁን ጠባቂ በሚጠብቀው ማማ ውስጥ፣ ዘንዶው የምስጋናውን ጦረኛ በላው። ምስጋናው ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሑድን ያህል ገበያ ትቶ የሚመጣው ለዚያ ጦረኛ ብሎ ነው። «ሰውዬዬ ካልተነሣ ሥራዬን ልሥራ» ብሏል። እሱ ከቀረ ጨዋታው ቀረ ማለት ነው። ያኔ ለፀጋ ሰቆጣ ማለት፣ ከአባቷ ቤት ሌላ፣ የዝውውር ጥያቄዋን «አይሆንም» የሚላት የትምህርት ጽሕፈት ቤት ብቻ ሊሆን ነው።

«እሺ» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ። «ጓዴ እንደ ቀድሞው በሕይወት ይመለስልኝ። ከተመለሰልኝ የአስማት መጽሐፌን ለማማው ጠባቂ እሰጣለሁ።»

ደግሰው ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ዳይሱን ወረወረ፤ አሥራ ዘጠኝ።

«ሠመረ! ጦረኛው ዓይኑን ገልጦ ተነሣ።»

ምስጋናው ካርቶኑን በጡጫ መታው። ፀጋም ሳቀች።

«የማማው ጠባቂ ግን» አለ ደግሰው ረጋ ብሎ፣ «እጁን ዘርግቶ ደጅ ቆሟል። መጽሐፉን አምጪ ይላል።»

«የምን መጽሐፍ?»

«እሰጣለሁ ያልሽውን ነዋ።»

የፀጋ ፊት ተለዋወጠ። መጽሐፍ የሌላት አስማተኛ ሻማ እንኳ አታበራም። «ደግሰው፣ ሕጉ ዋጋ አይጠይቅም! አንተ ራስህ ነህ የተረጎምኸው!»

«ሕጉ አልጠየቀሽም። አንቺው ነሽ የሰጠሽው።»

እውነቱን ነው፤ የሚያበግነውም እውነት መሆኑ ነው። ማን ስጪ አላት? ነገር ግን ፀጋ የመሪጌታ ልጅ ናት። በእነሱ ቤት በባዶ እጅ መለመን ነውር ነው፤ ፈተና ስትፈተን ጥላ፣ እናቷ ሲታመሙ ጧፍ ተስለው ነው ያደጉት። ስትጠይቅ አፏ ራሱ መስጠትን ይጨምራል።

«አቦ ተዋት!» አለ ምስጋናው። «እኔ ሞቼ ልቅር፣ መጽሐፏን መልስላት።»

ደግሰውም የፀጋን ዓይን አይቶ ደነገጠ። «እሺ፣ እንዳላልሽው ይቆጠር። ጨዋታ ነው እኮ፣ ፀጊ።»

«አይቆጠርም!» አለች በንዴት። «ተስዬ ሠምሮልኛል። ስለት አይበላም።» ድግምቶቿ የተጻፉበትን ደብተር አንሥታ ፊቱ ጣለችው። የሦስት ዓመት ልፋቷ ነው። ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ተብከነከነች። በደግሰው አይደለም የተናደደችው፤ «አንቺው ነሽ የሰጠሽው» ዓይነት ነገር ሲነግራት ሁለተኛው ሰው በመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ዓርብ ዕለት ያገኘችው የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ነበር። ወደ ሰቆጣ ዝውውር ስትጠይቅ ይህ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ አባቷ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ሰውዬው የአምናውን ማመልከቻዋን ከፋይል አውጥቶ መጨረሻው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይኸው፣ “ጥያቄዬ ባይሳካም ባለሁበት ለማገልገል ዝግጁ መሆኔን በትሕትና እገልጻለሁ” ብለሻል። ለመቆየት ዝግጁ ነኝ ያለችውን አንሥተን አልቆይም የሚለውን እንተወው?»

ያኔ የያዘችውን ሳታስገባ ወጣች። የዘንድሮው ማመልከቻ ይኸው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ያቺ መስመርም እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው፣ ከታች ተቀምጣለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቃሉን ያረቀቁላት አባቷ ናቸው።

ቤት ስትደርስ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አጠገባቸው ተቀምጣ ንጹሕ ወረቀት አወጣች።

«ምን ልትጽፊ ነው፣ ልጄ?»

«ማመልከቻውን ልገለብጠው ነው፣ አባ። የመጨረሻዋን መስመር ላወጣት ነው።»

«ትሕትናዋን?» አሉ ደንግጠው። «ልመና እንዲያው ራቁቱን ይቀርባል እንዴ?»

«እርስዎ ያስተማሩኝን አልረሳሁም፣ አባ። አሁን እንኳ የተሳልሁትን ሰጥቼ ነው የመጣሁ። ግን ስለት ለታቦት ነው። ለጽሕፈት ቤት አልሳልም።»

መሪጌታ ፀሐዩን እንዳይከልሉባት ፈንጠር አሉላት።

ፀጋ ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ጻፈች። ዓይናቸው የደከመ አባት እንዳሏት፣ ስድስት ዓመት ሰሃላ እንዳገለገለች፣ ወደ ሰቆጣ መዛወር እንደምትፈልግ። እዚያ ላይ ስትደርስ እጇ ከልማዱ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደና «ጥያቄዬ ባ» ሊል ሲል ያዘችው።

«ጨረስሽ?» አሉ አባቷ።

«ጨረስሁ።»

ፊርማዋን ከጥያቄው ሥር አስጠግታ፣ በመሐል አንዲት መስመር እንኳ እንዳትገባ አድርጋ ፈረመች።