በመንገዳችን መሃል ያለፈው መስመር

አዲሱ የምርጫ ካርታ ሲወጣ መስመሩ በመንገዳችን መሃል አለፈ። የእኔ ቤት በስተምዕራብ ቀረ፤ ፊት ለፊቴ ያለው የማርሲ ቱርጌሰን ቤት ወደ ምስራቁ ተጣለ። በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ማርሲ በግዛታችን ምክር ቤት የእኛን የምርጫ ወረዳ ወንበር ይዛ ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ተመራጭ በሚወክለው ወረዳ ውስጥ መኖር አለበት ይላል። ካርታውን የሳሉት የእኔ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። እሷ የሌላው ነች።

ምስራቁ ከከተማው ጋር ተጣብቆ የእሷ ፓርቲ ሰዎች የታጨቁበት ሆነ። እዚያ ደግሞ ከራሷ ፓርቲ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የእኛ ምዕራቡ ግን ግማሽ በግማሽ ነው፤ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። ምክር ቤቱን ማን እንደሚይዝ የሚወስኑት እንዲህ ያሉ ጥቂት ወረዳዎች ናቸው። በሌላው ቦታ አሸናፊው ገና ካርታው ሲሳል ታውቋል።

ማርሲ በማግስቱ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ጫማዋን በረንዳ ላይ አወለቀች፤ እንዲህ የምታደርገው የምትለምነው ነገር ሲኖራት ነው።

«ዶሪን፣ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል አከራዪኝ።»

«ባልሽስ?»

«ጎርዲ እዚያው ይቆያል። ቤቱን ጥሎ አይወጣም።»

«እኔ እኮ አንቺን መርጬሽ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። የጠየቅኩሽ ክፍል ነው፣ ድምፅ አይደለም።»

ላስብበት አልኳት። እውነቱን ለመናገር እምቢ ልላት ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን መኖር ለምጃለሁ፤ ሰው በላዬ ላይ ሲንጎራደድ አልወድም።

ማታ ከፓርቲያችን ክሬግ የሚባል ሰው ደወለ።

«ወይዘሮ ዶሪን፣ ጎረቤትዎ ክፍል ሳትጠይቅዎ አትቀርም።»

«እና?»

«እንዳይሰጧት ልልዎ ነው። ያ ወንበር ካመለጠን ምክር ቤቱ ሊሄድብን ይችላል።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፤ ግን...»

«ጣሪያው ሲያፈስ መጥተህ ስትጠግንልኝ አላየሁህም።»

ዘጋሁበት። ከዚያ በሩን ከፍቼ ወደ ማዶ ጮህኩ፦ «ማርሲ! ብርድ ልብስሽን ይዘሽ ነይ፣ የእኔ አይበቃም!»

መጣች፤ ኖረችም። እሷ ማሞቂያውን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ ዝቅ አደርጋለሁ። ዓርብ ዓርብ ጎርዲ ይመጣና ሦስታችን የተጠበሰ ዓሣ ለመብላት መሸታ ቤት እንሄዳለን። እዚያ ላገኘው ሁሉ፣ «ሚስቴን እንደ እጮኛ ከሰው በር ላይ እየጠራሁ ነው የምጋብዛት፤ ልመርጣት ደግሞ አልችልም፣ እኔ በምመርጥበት ወረቀት ላይ ስሟ የለም» ይላል።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ጎርዲ የጣሪያውን አሸንዳ ሲጠርግ ከመሰላል ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ማርሲ ተሻግራ እሱ ጋ ሰነበተች። ስትገባ ስትወጣ አንድ ሰው ፎቶ አንስቷት ኖሮ ወዲያው አቤቱታ ቀረበ፦ የምትኖረው ምስራቅ ነው፣ ከምርጫው ትሰረዝ።

ለምስክርነት ፍርድ ቤት ተጠራሁ። ክሬግ በሩ ላይ ጠብቆ፣ «እውነቱን ብቻ ይናገሩ» አለኝ።

«ሌላ ምን ልናገር ኖሯል?» አልኩት።

አቤቱታውን ያቀረቡት ሰዎች ጠበቃ ተነሳ። «ባለፈው ወር ወይዘሮ ቱርጌሰን የት ነበር የሚያድሩት?»

«ባሏ ጋ።»

ማርሲ አንገቷን ደፋች። ጠበቃው ፈገግ አለ።

«እርስዎ ቤት አልነበሩም ማለት ነው።»

«አልነበረችም። ሰውዬው ሽንት ቤት እንኳ ብቻውን መሄድ አይችልም ነበር። አንተ ሚስትህ ብትወድቅ መጀመሪያ ወረዳዋን ነው የምትጠይቀው?»

ከኋላ ሰው ሳቀ። «የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ» አለኝ ጠበቃው።

«እየመለስኩልህ ነው። በምርኩዝ መቆም እንደጀመረ እሷ ተመልሳ መጣች። ማን ጠራት? የራሷ አልጋ እዚያ፣ ባሏ እዚያ፣ ማጀቷ እዚያ፤ እሷ ግን መንገድ ተሻግራ ብርዳሙ ክፍሌ ገባች። ሰው የታመመ ሊያስታምም ይሄዳል፣ ሲጨርስ ወደሚኖርበት ይመለሳል። እሷ የተመለሰችው እኔ ቤት ነው።»

ሦስቱ ዳኞች ተንሾካሾኩና ስሟ ይቆይ አሉ። ክሬግ ሰላም ሳይለኝ ወጣ።

በምርጫው ቀን እንደ ሁልጊዜው የፓርቲዬን ሰው መረጥኩ። ማታ ቁጥሩን ስንጠብቅ ነገርኳት።

«ይሄን ሁሉ ሆነሽልኝ?» አለች።

«ሕግ ሌላ፣ ምርጫ ሌላ። የአንቺን ፓርቲ አልወደውም።»

«ግትር!»

«አሁን ነው ያወቅሽው?»

በጥቂት ድምፅ አሸነፈች። ምክር ቤቱ ግን በእኛ እጅ ቀረ። የግዛቱ ሰው ድምፅ በሙሉ ሲደመር የነሱ ይበልጣል፤ ወንበሩ ሲቆጠር የእኛ በለጠ። እነሱ በታጨቁበት ወረዳ በክምር ያሸንፋሉ፣ በሌላው በጥቂቱ ይሸነፋሉ፤ ከዚያ ክምር የተረፈው ድምፅ ለማንም አልጠቀመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዳኛው ዘመዴ የሆነበትን ጨዋታ ያሸነፍኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ጠዋት ጎርዲ እያነከሰ መጣና ሚስቱን አቀፋት።

«በይ ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ወደ ቤትሽ እንሂድ።»

ማርሲ ወደ እኔ ዞረች።

«አሸንፋለች እኮ» አልኩት። «ተመራጭ በወረዳዋ ነው የምትኖረው። ዘመኗ እስኪያልቅ፣ ሁለት ዓመት።»

«ሁለት ዓመት!» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ብትሸነፍ ኖሮ ዛሬ ቤቷ ትገባ ነበር?»

«ታዲያ ለምን አልመረጥኳትም መሰለህ?»

ማርሲ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም፤ በመስኮቱ ቤቱን ያያል። ሳያት ለካ የእሷም እንባ የሳቅ ብቻ አልነበረም።

«ፎቅ ያለው አልጋ ለሁለት አይበቃም» አልኩት። «የራሳችሁን አምጡ። ውሻህ ግን ጋራዥ ነው የሚያድረው።»

«ውሻዬ ከእኔ ጋር ነው የሚተኛው።»

«እንግዲያው እዚያው ማዶ ቅር።»

ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ፍራሹን ጫፍና ጫፍ ይዘው መንገዱን ሲሻገሩ መኪና ቆሞ አሳለፋቸው። ውሻው ከፊት ከፊት ይሄዳል።