የአምባራስ አዝመራ

ያርጋል ደባርቅ ከተማ ተቀምጦ ለአንድ ራዲዮ ጣቢያ ዜና ይልክ ነበር። ጣቢያው የግል ሳለ የጻፈውን ማንም አይነካበትም ነበር። ደርግ ከወረሰው በኋላ ግን፣ በረዶ አምባራስ የተባለውን የደጋ መንደር ገብስ ድምጥማጡን እንዳጠፋው በስልክ ሲናገር፣ አዲሱ ኃላፊ «አዝመራው ሰምሯል ብለህ አንብብ፤ እምቢ ካልክ ሌላ ሰው አናጣም» አለው።

ያርጋል ልጆቹን አሰበና በገዛ ድምፁ አነበበው።

በሳምንቱ አምባራስ ወጣ። ችግራቸውን አምነው የነገሩትን አዛውንት፣ አባ ሻረውን፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ሰማንህ ልጄ» አሉት። «ሹሞቹም ሰምተውህ ኖሮ፣ እህል የጫነልንን መኪና ከዳባት መለሱት።»

ያርጋል በማግስቱ ደባርቅ ተመልሶ፣ የአምባራስ ገበሬዎች በአዝመራቸው መስመር ደስታቸውን ገለጹ የሚል ዜና አነበበ።