ከመጽሐፉ ጀርባ የተለጠፈ ብጣሽ ወረቀት

ዘሪቱ መጽሐፍ ስታውስ መጀመሪያ የምታየው የሚዋሰውን ሰው ፊት ነበር። የጂንካ ንባብ ቤት ኃላፊ ሆና ከተመደበችበት ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚህ ልማዷ ንቅንቅ አላለችም። ንባብ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር የመሰለው ሰው ካለ ይቅርታ ይደረግልን፤ በቀበሌው ግቢ ጥግ ያለች፣ ቀድሞ በቆሎ ይከማችባት የነበረች አንዲት ክፍል ናት። ዝናብ ሲመጣ አሁንም በቆሎ በቆሎ ትሸታለች። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መደርደሪያ አላት። ከመደርደሪያው ላይ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አቆፋፈር፣ ስለ ቡና በሽታና ስለ ወባ የሚያስተምሩ ቀጫጭን መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ ከታች ደግሞ በካርቶን ታሽገው በአውሮፕላን የመጡ ሠላሳ ሰባት ልብ ወለዶች አሉ። የዘሪቱ ነፍስ ያለችው እዚያ ታች ነው።

ሠላሳ ሰባቱንም አንብባቸዋለች፤ አንዳንዱን ሦስት ጊዜ። በእያንዳንዱ የኋላ ሽፋን ውስጥ በዱቄት ሙጫ ብጣሽ ወረቀት ለጥፋ፣ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን በእርሳስ ጽፋበታለች። ሌላ ቦታ ያሉ ኃላፊዎች «ለወጣት» እና «ለአዋቂ» ብለው ለሁለት ከፍለው ይገላገላሉ አሉ። እሷ እቴ! «አማቷ ቤት ለምትኖር ሙሽራ አይሰጥ፤ ነገር ያባብሳል።» «ለታመመ ሰው ይሆናል፤ ከሃምሳኛው ገጽ በኋላ በጣም ያስቃል። የተሰፋ ቁስል ካለው ግን ይቆይ።» «ምዕራፍ ዘጠኝን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ይምጣ፣ እፈታለታለሁ።» እንዲህ እንዲህ እያለች ነው የምትጽፈው።

ደግሞ አትሳሳትም። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ አስካል መጨረሻው ካላማረ አታነብም፤ ቀኑን ሙሉ የማያምር መጨረሻ ስታይ ትውላለቻ! የፖሊስ ጣቢያው አሥር አለቃ ዳርጌ፣ ያ ሲያስነጥስ ውሻ የሚያስደነግጠው ሰውዬ፣ የሚወደው የፍቅር ታሪክ ነው። ዘሪቱ በጋዜጣ ጠቅልላ ትሰጠዋለች፤ እሱም «ማስረጃው ደርሶኛል» ብሎ ኮስተር እንዳለ ይወጣል። የሰውን ሆድ እንዲህ የምታውቅ ሌላ ሴት በዚያች ከተማ አልነበረችም።

አንድ ሌላ ደንብም ነበራት። ሰውየው ማንበብ የጀመረው በቅርቡ ከሆነ፣ ልብ ወለድ ከመስጠቷ በፊት ፊት ለፊቷ አስቀምጣ «ይህ ደራሲው ከልቡ አውጥቶ የጻፈው ነው፤ ሰዎቹ በዓለም ላይ የሉም» ትለዋለች። ይህን ሳትናገር ልብ ወለድ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ ከአንድ ቅዳሜ በስተቀር።

ያን ቅዳሜ የመጣው ኤርጎ ነው። ኤርጎ ከጂንካ በላይ ካለው ተራራ በየገበያው ቀን የሚወርድ፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ የአሪ ገበሬ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ከቆጠረ ወዲህ የምስክር ወረቀቱን ከቤቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሏል። አሥራ ሦስት ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ እየለመነ ትምህርት ያስገባም እሱ ነው። «ሰው ይዋሻል፤ የተጻፈ ነገር አይዋሽም» እያለ ነው ያሳመናቸው። እውነትም ሆነለት። በመጽሐፉ መሠረት ጉድጓድ ቆፈሩ፣ የልጆቹ ተቅማጥ ቀነሰ። በመጽሐፉ መሠረት የቡናቸውን የታመመ ቅርንጫፍ ገረዙ፣ ቡናው አገገመ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ኤርጎ ቤት ይሰበሰባሉ፤ እሱ አንድ መስመር በአማርኛ ያነባል፣ ቀጥሎ በአሪኛ ይመልሰዋል፣ እነሱም ያዳምጣሉ።

የካቲት ሊያልቅ ነው። ንባብ ቤቷ በተማሪ ተጨናንቃ መተንፈሻ የላትም። ኤርጎ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ጠረጴዛው ጋ ቆመ።

«አስተማሪ፣ ጉድጓድ አለቀ። ቡና አለቀ። ወባም አለቀ» አለ። የተማረ ሰው ሁሉ ለእሱ አስተማሪ ነው። «ሰው ያለበት መጽሐፍ የለም?»

ዘሪቱ ደስታዋ ልክ አጣ። ሰው ያለበት! ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። ጎንበስ አለችና አንዱን አወጣች። ጋሪው ተገልብጦ ስለ ሞተ አንድ ጋሪ ነጂና ከሦስት ልጆች ጋር ክዳኑ በፈረሰ ጎጆ ውስጥ ስለ ቀረች ሚስቱ የተጻፈ ነው። ደራሲው ጨካኝ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጀምር መጽሐፉን ይዘጋዋል። ብጣሿ «አጠገቡ ሰው ለሌለው አይሰጥ፤ ብቻውን አይችለውም» ትላለች። የኤርጎን ፊት አየች። ይህ ሰው አጠገቡ ሰው አለው። አቀበለችው። ልክ አስቀምጣ ልትነግረው ስትል በር ላይ ሁለት ተማሪዎች ባንድ መጽሐፍ ተናነቁ፤ ሮጣ ገላገለቻቸው። ስትመለስ ኤርጎ ሄዷል።

ሦስት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። በአራተኛው ዘሪቱ በመስኮት ስታይ ስምንት ሰዎች የጣሪያ ሣር በጭንቅላታቸው ተሸክመው፣ ገጀራቸውን በወገባቸው ሸጉጠው ወደ ግቢው ገቡ። ለገበያ ያመጡት መስሏት ነበር። እነሱ ግን ሣሩን ንባብ ቤቷ በር ላይ አወረዱት። ከፊት ያለው ኤርጎ ነው፤ በአንድ እጁ መጽሐፉን፣ በሌላው የማር ቅል ይዟል።

«አስተማሪ፣ ጨረስነው» አለ። «ሴቶቹ በጣም አለቀሱ። አሁን መንገዱን ንገሪን።»

«የምን መንገድ፣ ጋሽ ኤርጎ?»

«የጥሩወርቅ ቤት።»

ጥሩወርቅ ማለት የመጽሐፉ ባልቴት ናት።

«ሾፌር ጠየቅን» ብሎ ቀጠለ። «መጽሐፉ ጎሬ ይላል። ሾፌሩ አራት ቀን ነው አለን። ዝናብ ሳይመጣ እንደርሳለን። እኛ አገር ባል የሞተባትን ሴት ቤት ጎረቤት ነው በደቦ የሚከድን። እዚያ ያሉት ጎረቤቶች ዝም አሉ፤ መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው አልመጣም። ሣር መኖሩንም አልጻፈም። ስለዚህ ይዘን መጣን። ማሩ ለልጆቹ ነው።»

ዘሪቱ ክው አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያልነገረችው ነገር አሁን ስምንት ሸክም ሣር ሆኖ በሯ ላይ ተቆልሏል። አንድ ቀላል መውጫ መጣላት፤ «ሰዎች ቀድመዋችሁ ከድነውላታል» ብትል ሁሉም ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፣ ኤርጎም ክብሩን እንደ ያዘ ይቀራል። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው የተጻፈ ነገር አይዋሽም ብሎ ያመነ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ የመጻሕፍቱ ጠባቂ ናት። እሷ ከዋሸችው ከእንግዲህ ማንን ይመን? ወደ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ኤርጎ፣ ጥሩወርቅ የለችም።»

«ሞተች?»

«አልተወለደችም። ደራሲው ከልቡ አውጥቶ ነው የጻፋት። ልብ ወለድ ይባላል።»

«ልጆቹስ?»

«እነሱም የሉም።»

«ትንሹስ? ያ የሚያስለው?»

«እሱም የለም፣ ጋሽ ኤርጎ።»

መጽሐፉን ገልጦ አንዱን ገጽ ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እኔ የተጻፈ አይዋሽም አልኳቸው» አለ። «ሰባት ሰው ሥራ አስፈታሁ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። ወጥቼ እኔው ልንገራቸው።»

«የለም። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እኔ እነግራለሁ።»

ወጣና በአሪኛ ነገራቸው። ዘሪቱ አሪኛዋ ከሰላምታ ባያልፍም የዝምታውን ትርጉም አላጣችውም። ከመካከላቸው ሶርሳ የሚባለው ጎልማሳ መራራ ሳቅ ሳቀና፣ እሷም እንድትሰማው በአማርኛ «እንግዲያው ጉድጓዱም የውሸት ነው!» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ሣራቸውን አንስተው ወጡ። ኤርጎ ከሁሉም ኋላ ወጣ፤ ዞርም አላለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዛ መጣች። በቅርጫቱ ውስጥ ከኤርጎ መንደር ሰዎች እጅ የነበሩት ቀጫጭን መጻሕፍት አሥራ ሦስቱም አሉ። ሴትዮዋ አማርኛ ስለማትሰማ ምንም አልተጠያየቁም። ዘሪቱ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። አዲስ አንባቢ ካላነበበ ፊደሉ በዓመቱ ይጠፋዋል፤ ይህን በዓይኗ አይታለች። አሥራ ሦስት ሰው ለምኖ ያመጣው ሽማግሌ ድካም በአንዲት ሳትነገር በቀረች ቃል ገደል ገባ ማለት ነው። ያን ቀን አስካል መጽሐፍ ልትመርጥ መጥታ «ምን ልውሰድ?» ስትላት ዘሪቱ «የፈለግሽውን» አለቻት። አስካል ግንባሯን ዳሰሰቻት፤ ወባ የያዛት መስሏት።

ሐሙስ ዕለት ዝናቡ ጀመረ። እሑድ ጠዋት ዘሪቱ ያን የጥሩወርቅን መጽሐፍ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ተራራው ወጣች። ሰዎቹ በተሰበሰቡበት ቆማ «የዋሸው መጽሐፉ አይደለም፣ ኤርጎም አይደለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ልትል ነው። በጭቃው ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሦስት ፈጀባት።

መንደሩ መግቢያ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ አየች። ሌሎቹ ጎጆዎች በጢስና በዕድሜ ጠቁረዋል፤ የዚህችኛዋ ክዳን ግን ቢጫ፣ ትኩስ ሣር ነው። መሰላል ተደግፎ ቆሟል። ኤርጎ ከላይ ሆኖ የክዳኑን ዳር በገጀራ እያስተካከለ ነው። ሲያያት ወረደ።

«ጭቃው ጣለሽ» አለ፤ ሌላ ሰላምታ አላስፈለገውም።

«ይህ የማን ቤት ነው?»

«የአስቻለች። የአንጁሎ ሚስት ናት። አንጁሎ ከሞተ ሦስት ዓመቱ። እሱን ስንቀብር ቤቷን እንከድናለን አልን። ከዚያ የቡና ለቀማ መጣ። ከዚያ ተረሳ።» ገጀራውን በሣር ጠረገ። «ያን ቀን ሣሩን ተሸክመን ስንመለስ ተናደን ነበር። ሶርሳ ገደል እንክተተው አለ። እዚህ ጋ ስንደርስ ግን ያው ሶርሳ ቆመ። ሸክሙን አወረደ። እኛም አወረድን።»

ዘሪቱ ቀና ብላ አዲሱን ክዳን አየች።

«አስተማሪ፣ ስንወርድም ያለፍነው በዚሁ በር ነው» አለ ኤርጎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሣሩን ተሸክመን። አስቻለች በር ላይ ቆማ ነበር። ወዴት ናችሁ? አለችን። የአንዲት ባልቴት ቤት ልንከድን አልናት። እግዜር ይባርካችሁ አለች።»

ዘሪቱ አለቀሰች፤ አላፈረችምም። ለዚያ ላልነበረው ትንሽ ልጅ ሣር አጭዶ ስለ ወረደው ሰው፣ በር ላይ ቆማ ስለ መረቀችው ሴት፣ ሁሉንም ባንዴ አለቀሰች። ከጎጆው ውስጥ ልጆች ማር የያዘ ጣታቸውን እየላሱ ወጥተው አዩዋት።

«ታዲያ መጻሕፍቱን ለምን መለሳችሁ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ተቀይማችሁ መስሎኝ...»

«ቅርጫቱን የላክሁት እኔ ነኝ። ቤቱ እስኪያልቅ ማንም አያንብብ አልኩ። በመሃል ሌላ ቤት ቢመጣብንስ? ሁለት ቤት ባንዴ አንችልም።»

ዘሪቱ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ኤርጎ ግን ቀልድ አልተናገረም፤ የሥራ ነገር ነው የተናገረው። ፌስታሉን አይቶ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። መጽሐፉን ገልብጦ የኋላ ሽፋኑን ከፈተና ብጣሿን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «አጠገቡ ሰው ለሌለው አይሰጥ።» ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ጎደሎ ነው» አለ። «እርሳስ አለሽ?»

ከመሰላሉ የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠ፤ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሩ እየጠራ፣ ከዘሪቱ ጽሑፍ ሥር መጻፍ ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ዘሪቱ አላጣደፈችውም፤ ምንም ነገር እንዲህ ሲጻፍ አይታ አታውቅም። ሲጨርስ እርሳሱንና መጽሐፉን መለሰላት፤ ገጀራውን ይዞም ወደ ክዳኑ ወጣ።

ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ናቸው። «ሰዎቹ የሉም። ነገሩ ግን አለ። ይህን መጽሐፍ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሣር ይጨድ። ኤርጎ።»

ዘሪቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ላጲሷን አወጣችና ከላይ ያለውን የራሷን ጽሑፍ አጠፋችው።