ሌዘሩን የዋጠው ፊልም

ኧረ ስሙኝ፣ ካላወራሁት እፈነዳለሁ! ከሥራ ቦታዬ ከሳንታ ክላራ እስከ ሰፈሬ ፍሩትቬል መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን እየጮህኩ ነው የመጣሁት።

እኔ ወይንሸት ሥራዬ ቀለም ከፕላስቲክ ጋር አሟሙቶ እንደ ወረቀት የሳሳ ፊልም መሥራት ነው። በተራ ብርሃን ወለል አድርጎ ያሳያል። ኃይለኛ ሌዘር ሲመታው ግን ቀለሙ ጨረሩን ውጦ ከኋላው ያለውን ዓይን ወይም ካሜራ ያድናል። ያድናል ተብሎ ነው እንግዲህ! በሙሉ ኃይል ሞክሬው አላውቅም፣ ፈራኋ! መሞከሪያው ካሜራ ከደንበኛ የተዋስነው ነው፤ እሱ ከተቃጠለ አለቀልን። አለቃዬ ሊንዳ ደግሞ ዛሬ ውጤት ካላየች ፕሮጀክቱን ሻት ዳውን እንደምታደርገው ቁርጡን ነግራኛለች።

ከሰዓት በኋላ ጨለማው ላቦራቶሪ ውስጥ የሌዘር መነጽሬን አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሌዘሩ በርቷል፤ ከፊቱ ጨረሩን የሚያደክም ጥቁር መስታወት፣ ቀጥሎ ፊልሙ፣ ከኋላው ካሜራው ተተክለዋል። ሊንዳ ወገቤ ላይ ያለውን መጥሪያ፣ ፔጀሬን፣ ታስጮኸዋለች። «ቆይ እንጂ፣ እሳት ልታጠፊ ነው እንዴ?» እላለሁ ለራሴ፣ ንዴቴ አፍንጫዬ ላይ ደርሷል።

ይሄኔ መጋረጃው ተገለጠና ጋሼ ገብረ ሥላሴ መነጽራቸውን አድርገው ገቡ። የሌዘሮቻችን ቴክኒሻን ናቸው፣ የአስመራ ሰው፣ ዕድሜያቸው አባቴን ያህላል። እኔስ ምን አደረግኩ? የት እንዳለሁ ረስቼ «ኖር!» ብዬ ብድግ! የጋውኔ ኪስ ጥቁሩን መስታወት ጠልፎ ጣለው።

«በእግዜር! ተቀመ...» ብለው ሳይጨርሱ ሌዘሩ በሙሉ ኃይሉ ፊልሙ ላይ አረፈ። ዘልዬ አጠፋሁት።

«ጉድ ሆንኩ! ጋሼ፣ ካሜራውን አቃጠልኩት!» እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ተረጋጊ ልጄ። መብራቱን አብሪው» አሉና እጃቸውን ከካሜራው ፊት ዘረጉ። «አሁን ምን ይታይሻል?»

ሞኒተሩን በአንድ ዓይኔ ነው ያየሁት። ጣቶቻቸው! የቀለበታቸው ጭረት ሳይቀር ይታያል፤ አንዲት የተቃጠለች ነጥብ እንኳ የለችም።

«ያያል! ጋሼ፣ ያያል እኮ!» አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። አክብሮቱም ምኑም ቀረ፣ እሳቸውም ይስቃሉ።

ሊንዳ ጩኸቴን ሰምታ እየሮጠች ገባች። የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳት።

«ሙሉ ኃይል? ማን ፈቀደልሽ?» ብላ አፈጠጠችብኝ።

«ማንም» አልኳት።

ሞኒተሩን አየች፣ ፊልሙን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። «ድገሚው» አለች።

ጋሼ መስታወቱን ሊያነሱልኝ ጎንበስ አሉ።

«ይተዉት ጋሼ፣ አያስፈልገንም» አልኩና፣ ሁላችንም መነጽራችንን ማድረጋችንን አይቼ ሌዘሩን አበራሁት።